«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ ተፎካካሪ ፓርቲዎች ጥምር መንግሥት ይመሥርቱ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ደካሞች ተባብረው ኃያሉን ሲረቱ ወይም እንዲረቱ ሲመከሩ ነው። ድር ሸማኔው በቁመት የሚወጥረው ክር ነው፤ በአግድም የሚገባው ማግ ይባላል። አንዷን የድር ክር ሕፃን ልጅ ይበጥሳታል፤ ብዙ ሆና ስትገመድ ግን አውሬ ታስራለች። የሸረሪት ድር ነው የሚሉም አሉ፤ መልእክቱ ባይለወጥም የሸማኔው ድር ለፖለቲካ ይበልጥ ያስተምራል። ሸማኔ ለድር የሚመርጠው ጠበቅ ተደርጎ የተፈተለውን ነው፤ ላላ ያለው ለማግ ይውላል። ሲወጥርም ሁሉንም እኩል ይወጥራል። የላላው ክር ይጠላለፋል፤ ከልክ በላይ የተወጠረው ጫናውን ብቻውን ተሸክሞ ይበጠሳል።

ፓርቲዎች ይጣመሩ በተባለ ቁጥር ይህ አባባል ይነሳል። መልሳችን አዎ፣ ይጣመሩ ነው፤ ነገር ግን አንበሳው ከታሰረ በኋላ ምን እንደሚሠሩ አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። አባባሉ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይልም።

እስራኤልን እንይ። በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ከቀኝ፣ ከግራና ከአረብ ወገን የተውጣጡ ስምንት ፓርቲዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁን ከሥልጣን ለማውረድ ተባበሩ፤ ምክር ቤቱም መንግሥታቸውን 60 ለ59 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ኢትዮጵያ የተወለዱት ፕኒና ታማኖ-ሻታ በዚሁ መንግሥት ውስጥም የስደተኞች ቅበላ ሚኒስትር ነበሩ። አንዲት የምክር ቤት አባል ስትወጣ አብላጫው ጠፋ፤ በዓመቱ ምክር ቤቱ ተበተነ፤ ኔታንያሁም ተመለሱ። ያስተሳሰራቸው አንድን ሰው የማውረድ ፍላጎት ስለነበር ከዚያ ውጭ ባለው ጉዳይ ሁሉ ይጓተቱ ነበር።

ጽሑፍ ብቻውንም አያድንም። የጀርመኖቹ ሦስት ፓርቲዎች በ2021 የፈረሙት ውል ከ170 ገጽ በላይ ነበር። በኅዳር 2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ 60 ቢሊዮን ዩሮ የተዛወረበትን በጀት ሲሽር ውሉ የቆመበት ገንዘብ አብሮ ሄደ። አንዱ ፓርቲ አዲስ ብድር አልፈልግም አለ፤ ሌሎቹ ያለ ብድር አይሆንም አሉ። በዓመቱ መራሔ መንግሥት ሾልስ ብድር ያልፈለገውን ፓርቲ መሪ፣ የገንዘብ ሚኒስትራቸውን ሊንድነርን አሰናበቱ፣ ጥምረቱም አከተመ። ገንዘቡ ቢጎድል ማን ምን እንደሚቀንስ በውሉ ውስጥ መወሰን ነበረበት።

ከሁሉም ብዙ የምንማረው ከደቡብ አፍሪካ ነው። በግንቦት 2024 ምርጫ ገዢው ፓርቲ ኤኤንሲ ከ400 መቀመጫ 159፣ የረጅም ጊዜ ተቀናቃኙ ዲኤ 87 አገኙ። ለአብላጫ 201 ስለሚያስፈልግ ሁለቱ ሲደመሩ 246 ሆነው አለፉ፤ ትንንሾቹም ተቀላቀሉ። የተፈራረሙት ሰነድ አጭር ነው፤ አንድ ብልህ ቁጥር ግን አለበት፦ አከራካሪ ጉዳይ የሚወሰነው ከጥምረቱ መቀመጫ ሳይሆን ከመላው ምክር ቤት 60 በመቶውን የሚወክሉ ፓርቲዎች ሲስማሙ ነው። ይህ ለዲኤ እውነተኛ ክብደት ሰጠው። ጉድለቱ ግን ስለ ግብር ዝርዝር ስምምነት አለመኖሩ ነው። በየካቲት 2025 የገንዘብ ሚኒስትሩ የተጨማሪ እሴት ታክስን በሁለት የመቶኛ ነጥብ ሊጨምሩ ሲሉ፣ የበጀት ንግግሩ በቀጠሮው ቀን ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ጭማሪው በመጨረሻ ቀረ። ጥምረቱ ግን አልፈረሰም።

በእኛ አገር ኢሕአዴግም የድርጅቶች ግንባር ነበር፤ አራቱ ድርጅቶች ግን በምርጫ እርስ በርስ አይፎካከሩም ነበር፣ ስለዚህ የምንናገርለት ዓይነት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ግን ለተፎካካሪዎች ጥምረት በር ከፍቷል። አንቀጽ 60 ንዑስ አንቀጽ 2 ጣምራ መንግሥት ፈርሶ አብላጫው ሲጠፋ፣ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎችን አዲስ ጣምራ እንዲመሠርቱ እንደሚጋብዝ ይደነግጋል፤ ጊዜው ከአንድ ሳምንት አይበልጥም፤ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ይደረጋል። ጀርመኖቹ በ2021 ከምርጫ እስከ ፊርማ ከሁለት ወር በላይ ፈጅቶባቸዋል። በሰባት ቀን በጀት፣ የሚኒስትር ቦታ፣ የክርክር መፍቻና ከጥምረቱ የመውጫ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ተደራድሮ መጨረስ ስለማይቻል፣ ረቂቁ ከምርጫው በፊት ተጽፎ መቀመጥ አለበት።