በአክሰስ ውስጥ የቴብሎች ግንኙነት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ላለ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በአክሰስ (የማይክሮሶፍት የመረጃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው) የተሠራ የዱቤ መመዝገቢያ አየሁ። ሠሪው "ሪሌሽንሺፕ (ግንኙነት) አለው፣ በቴብሎቹ መካከል መስመሩን ስዬዋለሁ" ይላል። መስመሩስ ተስሏል። ደንበኞችና ሽያጭ የሚባሉት ቴብሎች (የመረጃ ሠንጠረዦች) ግን የተያያዙት በደንበኛው ስም ነው። ይህን ነገር ማየት ሰልችቶኛል።

ግንኙነቱ መስመሩ አይደለም። በሁለቱም ቴብል ውስጥ የተጻፈው ያው ቁጥር ነው። ደንበኛው በራሱ ቴብል 47 ከሆነ፣ በዱቤ የወሰደው ፍሬን ሸራ መዝገብ ላይም 47 ይገባል። አለቀ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብም ይኸው ነው፤ መዝገቦች የሚገናኙት በውስጣቸው በተጻፈው ነገር ነው።

ደሴ ላይ ልብስ ለላውንደሪ ሰጣችሁ እንበል። ደረሰኙና ልብሱ ላይ አንድ ቁጥር ይደረጋል። ኮትና ሱሪ ከሆነ ሁለቱም ላይ ያው ቁጥር። አንድ ደረሰኝ፣ ብዙ ልብስ፦ "ዋን ቱ ሜኒ" ይሄ ነው። በቁጥሩ ፋንታ "መሐመድ አሊ" ተብሎ ቢለጠፍስ? ደሴ ውስጥ ስንት መሐመድ አሊ አለ!

"የአያት ስም ይጨመር" የሚል አለ። አይፈታውም። አንዱ "ኃይሉ"፣ ሌላው "ሀይሉ" ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ አክሰስ ግን አያገናኛቸውም። ስልክ ቁጥርም አይሆንም። ሰው ሲም ይቀይራል። የፊልዱ (የቴብሉ ዓምድ) ዓይነት ነምበር ከተባለ ደግሞ የፊቷ ዜሮ ትጠፋለች።

"ሻጯ ቁጥር በቃሏ ልትይዝ ነው?" ይሉኛል። ለምን ትይዛለች? ኮምቦ ቦክስ (ከዝርዝር መምረጫ ሳጥን) አድርጉላት። እሷ ስሙን ትመርጣለች፣ ቴብሉ ቁጥሩን ያስቀምጣል።

ታዲያ መስመሩ ምን ይሠራል? ይጠብቃል፤ ያውም "ኤንፎርስ ሪፈረንሺያል ኢንተግሪቲ" የሚለው ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ነው። ያኔ እንደ ጠንቃቃ የላውንደሪ ባለቤት ይሆናል። በደረሰኝ የሌለ ቁጥር የተለጠፈበትን ልብስ አይቀበልም። ልብሱ ተሰቅሎ እያለም ደረሰኙን አያስቀድድም። ምልክቱ ከሌለ መስመሩ ኩዌሪ (ከቴብሎች መረጃ መጠየቂያ) ስትሠሩ ቴብሎቹን ከማያያዝ ብዙም አያልፍም። ምልክቱ ኖሮም ቢሆን ጭራሽ ቁጥር የሌለው መዝገብ ያልፋል። ስለዚህ ፊልዱን ሪኳየርድ (የግድ የሚሞላ) አድርጉት።

"ካስኬድ ዲሊት" የሚለውን ግን የገንዘብ መዝገብ ላይ አትንኩ። ልብሱን ከደረሰኙ ጋር አውጥቶ የሚጥል ነው። ደንበኛው አዲስ አበባ ገባ ብላችሁ ስትሰርዙት ያልከፈለው ዱቤ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። "ደንበኝነቱ ቆሟል" የሚል የየስ ኖ ፊልድ ጨምሩና ሰውየውን ተዉት።

ሌላው፣ አውቶነምበር (አክሰስ ራሱ የሚሰጠው ቁጥር) የሚገናኘው ሎንግ ኢንቲጀር ከሚባለው የቁጥር ዓይነት ጋር ነው፤ ከቴክስት ጋር አይሆንም። ቴብሎቹን ለብቻ ፋይል ካወጣችኋቸውም ግንኙነቱን እዚያው ፋይል ውስጥ ሥሩት። ከሌላ ፋይል በሊንክ በመጣ ቴብል ላይ የጥበቃውን ምልክት ማድረግ አይቻልም።