«ምሥራቅ ኦርቶዶክስ» እና «ኦሪየንታል ኦርቶዶክስ» ምንና ምን ናቸው?

«ኦሪየንታል» ራሱ «ምሥራቃዊ» ማለት ነው። ታዲያ ሰው ግራ ቢጋባ ምን ይገርማል? ስሞቹን ለጊዜው እንተዋቸውና ጳጳሳት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ወደተከራከሩበት ወደ ኬልቄዶን ጉባኤ፣ ወደ 451 እ.ኤ.አ. እንሂድ።

የግሪክ፣ የሩሲያ፣ የሰርቢያና የሮማኒያ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤውን ይቀበላሉ። ምሥራቅ ኦርቶዶክስ የሚባሉት እነሱ ናቸው። የግብፅ፣ የአርመን፣ የሶርያ፣ የሕንድ ማላንካራ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ግን አይቀበሉትም፤ ኦሪየንታል ይባላሉ።

ጠቡ የከረረው በአንዲት ፊደል ነው ማለት ይቻላል። ጉባኤው ክርስቶስ «በሁለት ባሕርይ»፣ በመለኮትና በሰውነት፣ ይታወቃል አለ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስ «ከሁለት ባሕርይ» የሚለውን ተቀብሎ «በሁለት» የሚለውን እምቢ አለ። «ከ» ሲባል ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ሆኑ ማለት ነው። «በ» ግን ከተዋሕዶ በኋላም ሁለት ያሰኛል፤ እሱን የከነከነው ይሄ ነው።

ኦሪየንታሎቹን ዛሬም «ሞኖፊዚት» የሚላቸው ሰው አለ። በጣም ያሳዝነኛል። ቃሉ የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተዋጠ ለሚለው ለመነኩሴው ለአውጣኪ ትምህርት የሚሰጥ ነው፤ አውጣኪን ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ያወግዙታል። ትክክለኛው ስም «ሚያፊዚት» ነው። በእኛ ቋንቋ «ተዋሕዶ»፦ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት።