የልጅ አካውንት ምንድን ነው? ፒን ግን አይደለም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ስልክና ታብሌት እጠግናለሁ። «የልጅ አካውንት ከፍቼለታለሁ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው አካውንቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ያባትየውን ጂሜይል ነው። ከላይ ፒን ተደርጎበታል፣ የካርቱን መተግበሪያ ተጭኖበታል፣ ጀርባው ላይ የአንበሳ ሥዕል ተለጥፏል። ይሄ ሁሉ ክፋት የለውም፤ የልጅ አካውንት ግን አይደለም። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ በቪዲዮ እያስረዳ «የልጅ አካውንት ማለት ታብሌቱን በፒን ቆልፎ ዩቲዩብ ኪድስ መጫን ነው፤ ሌላው ጊዜ ማባከን ነው» አለ። ትዕግሥቴ ያለቀው እዚያ ጋ ነው።

የልጅ አካውንት ታብሌቱ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በልጁ ስምና በልጁ የልደት ቀን ተከፍቶ በወላጅ አካውንት ሥር የተመዘገበ አካውንት ነው። ጉግል ዘንድ ይሄ የሚሠራው ፋሚሊ ሊንክ በሚባለው የወላጅ መቆጣጠሪያ መተግበሪያ በኩል ነው፣ አፕል ዘንድ በፋሚሊ ሼሪንግ። ታብሌቱ ቢሰበር ወይም ቢሸጥ አካውንቱ አይጠፋም፤ ልጁ በሌላ ታብሌት ሲገባበት ገደቡም አብሮት ይገባል።

ባንክ ለልጃችሁ የቁጠባ ሂሳብ ስትከፍቱ የሚሆነውን አስቡት። ደብተሩ በልጁ ስም ነው፣ ፊርማው የእናንተ ነው። ልጁ ዕድሜው እስኪደርስ ብቻውን መስኮቱ ጋ ሄዶ ብር አያወጣም፤ ገንዘብ ከፋዩ ዕድሜውን ከመዝገቡ ያያል። ፒን ማድረግ ግን ደብተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ መቆለፍ ነው። ያውም የራሳችሁን ደብተር! ቁልፉን ያገኘ ልጅ ባንኩ ፊት የሚቀርበው እናንተን ሆኖ ነው፤ ባንኩም እናንተን ነው የሚያስተናግደው። ባባቱ ጂሜይል የሚጫወት የስድስት ዓመት ልጅ ለጉግል የአርባ ዓመት ሰው ነው። ማስታወቂያው፣ የዩቲዩብ ምርጫው፣ የሚወርደው ጌም ሁሉ ላርባ ዓመት ሰው የተዘጋጀ ነው። ልጁ ካርቱን ሲያይ ከዋለ ደግሞ ማታ አባትየው በራሱ ስልክ ዩቲዩብ ሲከፍት ካርቱን ይቀበለዋል። «ስልኬ ተጠልፏል» ብሎ የመጣ ሰው አጋጥሞኛል።

ዩቲዩብ ኪድስም ቢሆን መተግበሪያ ነው። ከእሱ ወጥቶ ጎኑ ያለውን ዋናውን ዩቲዩብ የሚነካ ልጅ የሚከለክለው የለም።

በአብዛኛው አገር ጉግል 13 ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ብቻውን አካውንት እንዲከፍት አይፈቅድም። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ «ለምን 13 ዓመት? ማን ነው የወሰነው?» ሲልም ሰምቼዋለሁ። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችውና በ2000 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በኢንተርኔት መሰብሰብ ክልክል ነው። ጉግልና ዩቲዩብ ይህን ሕግ ጥሳችኋል ተብለው እ.ኤ.አ. በ2019 ክሱን በ170 ሚሊዮን ዶላር ጨርሰዋል። ስለዚህ ዕድሜ የሚጠይቁት ለልጃችሁ ከመጨነቅ ብቻ ነው ብላችሁ አትሞኙ፤ ራሳቸውንም እየጠበቁ ነው። ደግሞ 13 በየአገሩ አንድ አይደለም፣ ከፍ ያደረጉት የአውሮፓ አገሮች አሉ።

አሁን ወደ እኛ አገር ጣጣ ልምጣ፤ ይሄን የትኛውም የፈረንጅ ቪዲዮ አይነግራችሁም። አንዲት እናት ታብሌት ይዘው መጡ፣ «ወንድሜ፣ የልጅ አካውንት ከፍቼለት ነበር፣ ግን ያለ እኔ ፈቃድ ያሻውን ያወርዳል» አሉኝ። አካውንቱ በርግጥም በልጁ ስም ነው። የልደት ቀኑን ከፈትኩት፤ 2011 ይላል። ልጁ ገና አንደኛ ክፍል ነው! እናትየው ያስገቡት የክትባት ካርዱ ላይ ያለውን ግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 2011 በፈረንጆቹ 2019 ነው። ጉግል እንደሆነ ዓመተ ምሕረት አያውቅም፤ ስምንት ዓመት ጨምሮ ጎረምሳ አድርጎ መዘገበውና «ወላጅህ የት አለ?» እንኳን ሳይለው አካውንቱን ከፈተለት። ባንክ ቤት ቢሆን ሰውዬው ቀና ብሎ ልጁን ያይ ነበር። ታብሌት አያይም።

ስለዚህ ዓመቱን ቀይራችሁ አስገቡ። ከመስከረም ጀምሮ ታኅሣሥ ላይ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ለተወለደ ልጅ 7፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 ይጨመራል። ወሩም ይለወጣል፤ ግንቦት ለእኛ ዘጠነኛ ወር ነው፣ ለእነሱ 9 ቁጥር ሴፕቴምበር ነው። በስህተት የተከፈተውን በኋላ ብታስተካክሉት ደግሞ ጉግል ልጁ ከዕድሜ በታች መሆኑን ያውቅና ወላጅ እንዲታከልበት ይጠይቃል፤ በሰጠው ጊዜ ካልተደረገ አካውንቱን ይዘጋዋል። ለልጁ ከባዶ አዲስ መክፈት ይቀላል።

ሌላው የሚምታታው «ተጠቃሚ» የሚባለው ነው። አንድሮይድ ታብሌት ከሥሪት 4.2 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አንዱን ዕቃ ለብዙ ሰው የማካፈል አቅም አለው፤ አንዳንድ አምራች ግን ያጠፋዋል። ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት አይፓድ ይሄ የለውም። «ተጠቃሚ ጨምሬለታለሁ» ማለት ክፍሉን ለየሁለት ማለት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ በእናንተ ጂሜይል ከገባ ያው ነው።

ከሙያዬ የሚመጡ ነገሮች አሉ፣ ሳትጠይቁኝ ልናገር። ያገለገለ ታብሌት ስትገዙ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን እዚያው ሻጩ ፊት አረጋግጡ፤ ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ አካውንቱ ሳይወጣ በሪከቨሪ (ቁልፎቹን ይዞ በሚከፈተው የጥገና ገጽ) ውስጡ ያለው ተጠርጎ የጠፋ ዕቃ ሲነሣ የድሮውን ባለቤት ይጠይቃል። ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው ብትሉት አይሰማችሁም። በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ታብሌቶች ደግሞ የጉግል ማረጋገጫ የሌላቸው ናቸው፤ እነሱ ላይ ፋሚሊ ሊንክ በሥርዓቱ ይሠራል ብላችሁ አትጠብቁ።

ኔትወርክም አለ። በስልካችሁ የምትቀይሩት ገደብ ታብሌቱ ጋ የሚደርሰው ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ከጠፋ «አንድ ሰዓት ጨምሬልሃለሁ» ብትሉትም ታብሌቱ አልሰማም። ለዚህ ሲባል ፋሚሊ ሊንክ ውስጥ የወላጅ ኮድ የሚባል አለ፤ ከራሳችሁ ስልክ አይታችሁ ታብሌቱ ላይ ስታስገቡት ያለ ኢንተርኔትም ይከፍታል።

የልጅ አካውንት የማያየው ነገርም ብዙ ነው። የአጎት ልጅ በሜሞሪ ካርድ ያመጣውን ፊልም አያጣራም፤ ፋይሉ ካርዱ ላይ ካለ ማጫወቻው ያጫውተዋል። ለአማርኛ ቪዲዮም ማጣሪያው ላይ ብዙ እምነት የለኝም፤ ርዕሱ ላይ «ተረት» ተብሎ ውስጡ ሌላ የሆነ አልፎ አልፎ አያለሁ። የቪዲዮው ሰውዬ «እንግዲያው ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። የሚጠቅመውማ፣ ጌም ለማውረድ ሲሞክር ጥያቄው እናንተ ስልክ ላይ ይመጣል፣ ማታ በቀጠራችሁት ሰዓት ይቆለፋል፣ የተመለከተው የሚመዘገበውም በራሱ ስም ነው። ማንም ደግሞ ከዚህ በላይ ቃል አልገባላችሁም።

የሚቀረው ፊርማው የማን ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው ጂሜይሉን የከፈተለት ስልኩን የገዛበት ሱቅ ያለው ልጅ ነው፤ በራሱ ቁጥር፣ ራሱ ባወጣው የይለፍ ቃል። እንዲህ ባለው ጂሜይል ሥር ልጃችሁን ካስመዘገባችሁ አሳዳጊ አድርጋችሁ ያስፈረማችሁት የሱቁን ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉ ሲጠየቅ ኮዱ የሚሄደው እሱ ስልክ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ሱቁን ለቆ ሄዷል። የልጁን ከመክፈታችሁ በፊት የራሳችሁን ጂሜይል በራሳችሁ ቁጥር ክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። እኔ ጋ ስትመጡ እኔ አልጽፍላችሁም፤ ፊቴን አዙሬ ነው የማስጽፋችሁ።