ስለ ሌዮን ዬሰል በስህተት የሚወሩ ነገሮች፣ እውነታውም

የድሮ ካርቱን እያየ ያደገ ሰው ይህን ዜማ ሳይሰማው አይቀርም። የአሻንጉሊት ወታደሮች ጉልበታቸውን ሳያጥፉ፣ ቀጥ ብለው ሲራመዱ ከጀርባ የሚሰማው ማርሽ ነው። የደረሰው ሌዮን ዬሰል የሚባል ጀርመናዊ የኦፔሬታ ደራሲ ነው፤ ኦፔሬታ ዘፈንና ንግግር የተቀላቀለበት ቀለል ያለ የሙዚቃ ቲያትር ነው። ዜማውን ዓለም ያውቀዋል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ስለ እሱ ከሚወራውም ብዙው ስህተት ነው። እኔን ይህ ነገር ያንገበግበኛል። እስኪ አንድ በአንድ እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

“ማርሹ የአሜሪካ የገና ዘፈን ነው”

ሲጻፍ ከገና ጋር ምንም አያገናኘውም ነበር። ዬሰል በ1897 ለፒያኖ የጻፈው አጭር ሙዚቃ ነው፤ ለኦርኬስትራ ሆኖ የታተመው በ1905 ነው። በጀርመንኛ ስሙ “የቆርቆሮ ወታደሮች ሰልፍ” ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ብሮድዌይ የሚባለው የኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር ሲደርስ የቆርቆሮዎቹ ወታደሮች የእንጨት ሆኑ። ከ1933 ጀምሮ ደግሞ እዚያው ኒው ዮርክ ሬዲዮ ሲቲ በሚባለው አዳራሽ፣ በገና ትርኢት ላይ ሮኬትስ የሚባሉት ዳንሰኞች ይጨፍሩበታል። መጨረሻውን አንዴ ያየ አይረሳውም። ነጭ ሱሪ የለበሱ 36 ሴቶች በአንድ መስመር ተጠጋግተው ይቆማሉ። መድፍ ይተኮሳል። የፊተኛዋ ወደ ኋላ ዘንበል ትልና ከኋላዋ ባለችው ላይ ታርፋለች። ያቺም በቀጣይዋ ላይ። እንዲህ እያለ ሰልፉ በሙሉ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ይተኛል። ትርኢቱ የገና ስለሆነ ዜማውም የገና መስሎ ቀረ።

“ኦፔሬታ ማለት ቪየና ነው”

የኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና በኦፔሬታ ትልቅ ናት። በርሊን ግን የራሷ ኦፔሬታ ነበራት። የኦፔሬታ ደራሲው ፓውል ሊንከ “ፍራው ሉና” የተባለውን ሥራውን በርሊን መድረክ ላይ ያወጣው በ1899 ነው። ዬሰልም ዋና ዋና ሥራዎቹን ያቀረበው በርሊን ነው።

“ዬሰል የአንድ ሥራ ሰው ነው”

ይህን የሚያስብለው “ሽቫርትስቫልትሜደል” የተባለው ኦፔሬታው ዝና ነው። ትርጉሙ “የጥቁር ደን ልጃገረድ” ማለት ነው፤ ጥቁር ደን በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ያለ አካባቢ ነው። በኦገስት 1917 በርሊን ውስጥ ኮሚሼ ኦፐር በሚባል ቲያትር ቤት ተከፈተ። ዘመኑን አስቡት። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለፈው ክረምት ድንች ጠፍቶ ሕዝቡ የከብት መኖ በሆነ ሥር ከርሟል። ያ የተራበ ሰው ቲያትር ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ከፊቱ ያለው ሰላም የሰፈነበት የደን መንደር ነው። ብላዚዩስ የሚባል አረጋዊ የቤተክርስቲያን ሙዚቃ መሪ፣ ቤርበለ የምትባለውን የቤት ሠራተኛ በስተርጅና ይወዳታል። እሷ ልቧ ያለው ከበርሊን በመጣው ወጣት ዘንድ ነው። በርሊን ላይ ብቻ 900 ጊዜ ያህል ታየ።

ሰውዬው ግን ወደ ሁለት ደርዘን የሚጠጉ የመድረክ ሥራዎች አሉት። “ሁለቱ ሁሳሮች” በ1913 ወጣ፤ ሁሳር ፈረሰኛ ወታደር ነው። በ1921 “መርማሪዋ ልጅ” እና “የፖስታ ቤቷ ኃላፊ” መጡ። በ1923 “የንጉሡ ጎረቤት”፣ በ1929 ደግሞ ላይፕሲሽ ውስጥ “የቅንጦት ካቢን”። ርዕሶቹን ብቻ ብታዩ እንኳ ሰውዬው ከዘመኑ ጋር እየሄደ እንደነበር ይገባችኋል፤ ከፈረሰኛና ከመንደር ወደ ሴት መርማሪና ወደ ዘመናዊ ጉዞ። የመጨረሻው “ወርቃማው ወፍጮ” በ1936 የታየው ስዊዘርላንድ፣ ኦልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የበርሊኑ ሰው እዚያ ምን ወሰደው? ጀርመን ውስጥ ሥራዎቹ ታግደው ነበር። ለእኔ፣ እነዚህ ሥራዎች የተረሱት ደካማ ስለሆኑ ነው ማለት ከባድ ግፍ ነው። ለዓመታት እንዳይታይ የተከለከለ ቲያትር እንዴት ይታወሳል?

“የጥቁር ደን ሴቶች ሁሉ ባለ ቀይ ኳስ ባርኔጣ ያደርጋሉ”

ይህን ምስል በየቦታው የበተነው በዋናነት በ1950 ከኦፔሬታው የተሠራው ባለ ቀለም ፊልም ነው። ባርኔጣው ግን የሦስት መንደሮች ብቻ ነው፤ የጉታኽ፣ የኪርንባኽና የራይኸንባኽ። ከሱፍ የተሠሩት ቀይ ኳሶች ያላገባች ሴት ምልክት ናቸው። ያገባችው ጥቁር ታደርጋለች። ፊልሙን ያኔ ሚሊዮኖች አዩት። ዬሰል አላየውም።

“ዝናውና ክርስትናው አተረፉት”

አላተረፉትም። ዬሰል በ1871 ሽቴቲን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት። በ1894 ክርስትና ተነሳ፤ ሊያገባት የፈለጋት ሴት ክርስቲያን ነበረችና። ሙዚቃው ከጀርመን አገርና ዜማ ጋር የተጣበቀ ነበር፤ ራሱንም እንደ ጀርመናዊ ነበር የሚያየው። የሚያምም ነገር አለ። በ1932 ሁለተኛ ሚስቱ የናዚን ፓርቲ ተቀላቀለች። እሱም በዚያው ዓመት ናዚዎቹ የሚደግፉት የባህል ማኅበር ውስጥ ለመግባት አመለከተ። በትውልዱ ምክንያት አልቀበልም አሉት። እንደ ብዙዎች እሱም የመጣውን ነገር መጠን አልገመተውም።

በ1933 ሥራዎቹ ከመድረክ ወረዱ። በ1937 ከመንግሥቱ የሙዚቃ ማኅበር ተባረረ፤ ሸክላዎቹን መሸጥም ተከለከለ። በ1939 ቪየና ለሚኖር የግጥም ደራሲ ባልደረባው ደብዳቤ ጻፈ። የአይሁድ ጥላቻ ወገኖቼን ሊያጠፋ በደረሰበት ጊዜ መሥራት አቅቶኛል፣ ያ ዕጣ የእኔን በር መቼ እንደሚያንኳኳም አላውቅም የሚል ነበር። ደብዳቤው በፍተሻ ተገኘ። ዲሴምበር 15 ቀን 1941 የናዚዎቹ ሚስጥራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ወሰደው። አሌክሳንደርፕላትስ ከሚባለው የበርሊን አደባባይ አጠገብ በሚገኝ ምድር ቤት አሰቃዩት። ጃንዋሪ 4 ቀን 1942 በበርሊን የአይሁድ ሆስፒታል ሞተ። 71 ዓመት ሊሞላው 18 ቀን ቀርቶት ነበር።