ውሃው ብቻ ነው የሚተነው፦ ወተትን ቤት ውስጥ ስለ ማወፈር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዐቢይ ጾም ደሴ ላይ ወተት ገዢ ያጣል። ክርስቲያኑ 55 ቀን ወተት አይቀምስም፤ ላሟ ግን አትጾምም። ያን ጊዜ ነው ወተት የተረፈው ሁሉ «ለምን ውሃውን አትንነን አናስቀምጠውም?» የሚለው። ነገሩ ወተቱን በዝግተኛ እሳት አቆይቶ እንደ ጣሳ ወተት ማወፈር ነው፤ ለሻይ፣ ለማኪያቶ፣ ለኬክ ይሆናል። ሥራው ቀላል ነው፤ ስለ እርሱ ከሚወራው ግን ግማሹ ውሃ አይቋጥርም።

«ለፋሲካ ይደርሳል»

አይደርስም። አንድ ዓመት እኔም አምኜ በጠርሙስ ሞላሁና ክዳኑን አጥብቄ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። በአራተኛው ቀን ማለዳ ክዳኑ አብጦ አገኘሁት። ገና ነካ ሳደርገው ፉጭ ብሎ እጅጌዬ ላይ ተረጨ፤ ሽታው ሹራቤን ከታጠበ በኋላም አልለቀቀውም።

የጣሳው ወተት ወራት የሚቆየው ስለ ወፈረ አይደለም። ከታሸገ በኋላ ጣሳው እንዳለ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ብንጥደውም ከ94 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። ይህ ሙቀት አብዛኛውን ጀርም ይገድላል። በጠንካራ ቅርፊት ራሳቸውን የሚሸፍኑ ባክቴሪያዎች ግን መፍላቱን ችለው ያልፋሉ። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ አየር የሌለበት የታሸገ ጠርሙስ ደግሞ ይመቸዋል። ስለዚህ ቤት የተሠራውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ መጨረስ ነው። ለፋሲካ ማቆየት ያሰበ ወተቱን ይናጥ፣ ቅቤውን ያንጥር።

«ደሴ ራሷ ፍሪጅ ናት»

የጦሳ ተራራ ንፋስ የገረፈው ሁሉ ይህን ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ፍሪጅ የሚባለው 4 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀን ፀሐይ የገባበት ማዕድ ቤት ከዚያ እጅግ ይሞቃል።

«የታጠነ ዕቃ ከፍሪጅ ይበልጣል»

ጎረቤቴ እማማ ይህን ክርክር ለማንም አይለቁም። «ልጄ፣ በወይራ ያጠንሁት ቅል ያንተን ፍሪጅ ያስንቃል» ይሉኛል። ከፊሉ እውነት ነው፤ የወይራ ጭስ ዕቃው ላይ ያለውን ጀርም ይቀንሳል፣ ወተቱም ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ያግዛል፤ ጣዕሙማ አይነሣ። ማዘግየት ግን ማስቆም አይደለም። ሁለቱ ጾሞች በገጠሙበት ዓመት እማማ ወተቱን በቀን ያወፍሩና ማታ ለአፍጥር ሻይ ያደርጉታል። ያ ትክክለኛው አጠቃቀም መሆኑን ብነግራቸው «ታዲያ ቅሉ ነዋ!» አሉኝ።

«ኃይለኛ እሳት ቶሎ ያደርሰዋል»

ቶሎ ያሳርረዋል። የወተቱ ፕሮቲን ከድስቱ ግርጌ ይጣበቅና ያራል፤ ያረረ ወተት ሽታ ደግሞ በምንም አይሸፈንም። አፉ ሰፊ፣ ግርጌው ወፍራም ድስት ያስፈልጋል፤ ፊቱ በሰፋ ቁጥር ውሃው ቶሎ ይተናል። ክዳን አይደረግም፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ተጠራቅሞ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ከሰል ላይ ከሆነ ፍሙን አመድ ማልበስ ነው። ስልባቦት በያዘ ቁጥር ማማሰል እንጂ ማውጣት አያስፈልግም፤ ቅባቱ እዚያ ላይ ነው።

«መድረሱ በዓይን ይታወቃል»

የለመደ ሰው ያውቀው ይሆናል። እኔ በጭረት ነው የምሠራው። ፋብሪካው ከወተቱ ውሃ 60 በመቶ ያህል ስለሚያወጣ አንድ ሊትሩ ወደ 460 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። መጀመሪያ ባዶው ድስት ውስጥ 460 ሚሊ ሊትር ውሃ አፈስሳለሁ፤ የእንጨት ማማሰያውን ቀጥ አድርጌ አቆምና ውሃው የደረሰበት ላይ በቢላ ጫር አደርጋለሁ። ውሃውን ደፍቼ ወተቱን እጥዳለሁ። ወተቱ እስከዚያች ጭረት ሲወርድ እሳቱ ይጠፋል።

«ዱቄት ጣል ቢደረግበት ያው ነው»

ያ አጥሚት ነው።

«ቡናማ ካለ ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። የወተቱ ስኳርና ፕሮቲን ሙቀት ሲያገናኛቸው መልኩ ትንሽ ይጠቁራል፤ የጣሳውም እንዲሁ ነው።

«ከጣፋጩ የጣሳ ወተት ጋር አንድ ነው»

ጣፋጩ ከ40 በመቶ በላይ ስኳር ነው፤ ከመበላሸት የሚጠብቀውም ስኳሩ ነው። አሜሪካዊው ጌይል ቦርደን ለተተነነ ወተት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1856 ነበር። ስኳር የሌለበትን ጣሳ ውስጥ አቆይቶ ለገበያ ለማቅረብ ግን እስከ 1880ዎቹ መጠበቅ ግድ ሆኗል። ፋብሪካን ያን ያህል ያስቸገረ ነገር በእኔ ጠርሙስ አልሆን ማለቱ አይገርምም።

«ወተት ሆዱን ለሚነፋው ሰው ይስማማል»

ሆድ የሚነፋው የወተቱ ስኳር፣ ላክቶስ፣ አይተንም። እንዲያውም በአንድ ማንኪያ ውስጥ ከበፊቱ ይበዛል።

«ወፍራም ስለሆነ ለጨቅላ ይጠቅማል»

ይህ የሚያስቆጣኝ ነው። እስከ ስድስት ወር የሕፃን ምግብ የእናት ጡት ብቻ ነው። የወፈረ ወተት የሚይዘው ፕሮቲንና ጨው ለጨቅላ ኩላሊት ከባድ ነው፤ በውሃ ቢቀጥንም የእናት ወተት አይሆንም።

«ትንሽ የኮመጠጠም ይሆናል»

ከመጣዱ በፊት አንድ ማንኪያ ወተት በትንሽ ዕቃ አፍሉ። ከተቆራረጠ ድካሙ ይቅርባችሁ፤ ያ ወተት አይብ መሆን ጀምሯል።