ጋሻ እሳተ ገሞራ ምንድን ነው? የጣርማበር ተራራ ጉድጓድ የት ሄደ?

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ መሬቱ እንቅልፍ የነሳንን ጊዜ መቼም አትረሱትም። ምንጩ ታች ፈንታሌና ዶፋን አካባቢ ነበር። ንዝረቱ ግን አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለውንም፣ እዚህ ሰሜን ሸዋ ያለውንም ሰው ከአልጋው አስነስቷል። ያን ሰሞን የደብረ ሲናዋ አክስቴ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ የኛም ተራራ እሳተ ገሞራ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ነው» ስላት ዝም አለች። እንዳትደነግጥ ብዬ «ግን የሞተ ነው፣ አይፈነዳም» አልኳት። እሷ እቴ! «እሳተ ገሞራ ከሆነ አናቱ ላይ ጉድጓዱ የታለ?» ብላ አፋጠጠችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ነው። ብዙዎቻችን እሳተ ገሞራ ሲባል የሚታየን ቴሌቪዥን ላይ ያየነው ሹል ተራራ ነው። አናቱ ላይ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ጭስ። ስሙ ራሱ ያስፈራል፤ ገሞራ እኮ ያቺው ከሰዶም ጋር በእሳትና በዲን የጠፋችው ከተማ ናት። ከደብረ ሲና በላይ፣ መንገዱ በሚያልፍበት በጣርማበር በር ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያየ ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር አያገኝም። በአንድ በኩል የሚያየው ሜዳ መሳይ ደጋ ነው፣ በሌላው በኩል ደግሞ ገደል፣ ጉምና ጫካ።

ነገሩ የሚገባን ከወጥ ቤት ብንነሳ ነው። ገንፎ ስታቀርቡ ተቆልሎ ይቆማል አይደል? መሃሉን ቀዳችሁ ቅቤና በርበሬ ትጨምሩበታላችሁ። ቁርጥ የቴሌቪዥኑን እሳተ ገሞራ ነው የሚመስለው። የእንጀራ ሊጥ ግን ምጣድ ላይ ሲፈስ አይቆለልም፤ ቀጥኖ ይዘረጋል። የቀለጠ ድንጋይም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። ሲሊካ የሚባለው ውህድ ሲበዛበት እንደ ገንፎ ይወፍራል፣ ጋዝ ያፍናል፣ የታፈነው ጋዝ ሲያመልጥ ደግሞ ይፈነዳል። ሲሊካው ሲያንስ እንደ ሊጥ ይቀጥናል። ባዛልት የምንለው ጥቁር ድንጋይ የዚህ የቀጭኑ ልጅ ነው። ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይወጣና እየፈሰሰ ሩቅ ሄዶ ይረጋል። በላዩ ሌላ ይፈስሳል። ደግሞ ሌላ። በብዙ ሺህና ሚሊዮን ዓመት እየተነባበረ ተራራ ይሆናል፤ ተራራው ግን ሹል ሳይሆን ሰፊና ለጥ ያለ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ባሉት ተራሮች ላይ ተዳፋቱ ብዙ ጊዜ 5 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፣ የታችኛው ስፋቱ ግን በአስር ኪሎ ሜትሮች ይቆጠራል።

ከጎን ሲታይ መሬት ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ የተቀመጠ ጋሻ ይመስላል። ለዚህ ነው ጋሻ እሳተ ገሞራ የተባለው። ስሙን ያወጡት ፈረንጆች ናቸው፣ የአባቶቻችንን የጎሽ ቆዳ ጋሻ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ላየ ሰው ግን ከማንም በላይ ለእኛ ይገባናል፤ ክብ፣ ዳሩ ዝቅ ያለ፣ መሃሉ ቀስ ብሎ ከፍ ያለ።

ሐዋይ ያለው ማውና ሎዋ የዓለም ዝነኛው ጋሻ ነው። የእኛዎቹ ዝና አጡ እንጂ ብዙ ናቸው። ስሜን፣ ጮቄ፣ ጉና ሁሉም ጋሻዎች ናቸው፤ ራስ ዳሸንም የአንድ ያረጀ ጋሻ ቅሪት ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ደግሞ መገዘዝ አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደቡብ ሲታይ ከደጋው በላይ ያበጠው ተራራ እሱ ነው።

አሁን አንድ የምኮራበትን ነገር ልንገራችሁ። የኢትዮጵያን ደጋ ድንጋይ የሚያጠኑ ሰዎች ንብርብሮቹን ከታች ወደ ላይ ሲጠሩ አሸንጌ፣ አይባ፣ አላጄ፣ ጣርማበር ይላሉ። አሸንጌ የሚለውን ስም ያወጣው ከናፒየር ጦር ጋር እ.ኤ.አ. በ1868 የመጣው ብላንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ጂኦሎጂስት ነው። ሌሎቹ ስሞች ኋላ ተጨመሩ። ከላይ ያለው፣ ጋሻዎቹ የተሠሩበት ድንጋይ፣ በእኛ አካባቢ ሙሉ ስሙ ጣርማበር መገዘዝ ነው። የትም አገር ያለ የዘርፉ ተማሪ ስለ ኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ሲያነብ ይህን ስም ያገኘዋል። እኛ ጣርማበርን የምናውቀው በብርዱና ጣሊያን ሰንጥቆት በሄደው ዋሻ ብቻ ነው።

የጊዜ ቅደም ተከተሉ በአጭሩ ይህን ይመስላል። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬቱ በረጃጅም ስንጥቆች ተከፈተና ባዛልት እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። በአንዳንድ ቦታ ንብርብሩ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ደጋ የምንለው አገር መሠረቱ ይህ ነው። ጋሻዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ፣ በዚያ ወለል ላይ ነው። የእኛው ጋሻ የሚዮሲን ዘመን ልጅ ነው፤ ከ23 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ዘመን ማለት ነው።

በመሃል ግን ፀጥታ ነበር፣ ረጅም ፀጥታ። ይህን ያወቅነው ደብረ ብርሃን አካባቢ ካለው የሙሽ ወንዝ ሸለቆ ነው። እዚያ በእሳተ ገሞራ አመድ መካከል የሐይቅ ደለል ተገኝቷል፣ በደለሉ ውስጥ ደግሞ የቅጠል ቅሪት። ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ቅጠሎቹ ጥድ ወይም አስታ አይደሉም፤ የባቄላ ዘመዶች የሆኑ ትልልቅ ዛፎች የበዙበት፣ እርጥብና ሞቃት አገር የሚበቅል ደን ነው። አሁን ገብስ የሚታጨድበት፣ ሰው ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥበት ደጋ ማለት ነው ይሄ! እሳቱ ጋብ ሲል ደን ያድጋል፣ ሐይቅ ይተኛል፣ ከዚያ እሳቱ ተመልሶ ይመጣና ይቀብረዋል።

ታዲያ ጋሻው የት ሄደ? ግማሹን ስምጥ ሸለቆ ወሰደው።

እንጀራ በእንጀራ ላይ የተደረደረበት መሶብ አስቡ። አንድ ሰው ቢላ አምጥቶ ግማሹን ቆርጦ ወደ ታች ሸርተት አደረገው እንበል። የተቆረጠው ፊት ላይ ንብርብሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጣርማበር ያ የተቆረጠው ፊት ነው። የአፍሪካ ቀንድ መሬት ወዲያና ወዲህ እየተጎተተ ሲሰነጠቅ የምሥራቁ ጎን በደረጃ በደረጃ ወደ አፋር ወረደ፣ የምዕራቡ ጎን ከፍ ብሎ ቀረ። ለዚህ ነው በሩ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆናችሁ ጆሯችሁ ሲቆረቁራችሁ ቆይቶ፣ ብዙም ሳትሄዱ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ጃኬት የምታወልቁት። ከአናቱ የቀረውንም የሚሊዮን ዓመት ዝናብ ልጦታል። የአክስቴ ጉድጓድ በዚህ መንገድ ጠፋ።

ቢላው ታዲያ ወደ ሰገባው አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1961፣ በእኛ 1953 ዓ.ም.፣ የካራቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ጨርሶ አፈራርሷታል፤ ካራቆሬም ብዙ ቤት ወድቋል። ይህ የእሳተ ገሞራው ቁጣ ሳይሆን የስምጥ ሸለቆው ሥራ ነው። ሁለቱን ማምታታት የለብንም። ጋሻው ሞቷል፤ መሬቱ ግን አሁንም እየተጎተተ ነው።

ገደሉ ሌላም ጣጣ አለው። በጠንካራው ባዛልት መካከል ለስላሳ የአመድ ድንጋይ አለ። ክረምት ላይ ውኃ ሲገባበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከደብረ ሲና በታች ያለው ተዳፋት ተንሸራቶ ማሳና ቤት ይዞ ወርዷል፤ ብዙ ቤተሰብም ከቀዬው ተነቅሏል።

የዝናቡ ነገር ደግሞ ደስ ይለኛል። በሩ ላይ የወረደ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። ወደ ምዕራብ የወደቀው በእነ በሬሳ አድርጎ ጀማ ይገባል፣ ከጀማ አባይ፣ ከአባይ ሜዲትራኒያን። ወደ ምሥራቅ የወደቀው በሮቢ ወንዝ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። አንድ ጣሪያ ላይ የወረደ ዝናብ በሁለት አሸንዳ ሲፈስስ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጫካው እንምጣ። ወፍ ዋሻ ይባላል። በአንኮበር፣ በባሶና ወራናና በጣርማበር ወረዳዎች መካከል ገደሉን ይዞ የተንጠለጠለ የተፈጥሮ ደን ነው። ሰሜን ሸዋ ለዘመናት ሲታረስ የኖረ አገር ሆኖ ሳለ ይህ ደን እንዴት ተረፈ? ሰው አዝኖለት ነው እንዳትሉኝ። እኔ የማምነው ገደሉ ነው ያዳነው። በሬ ጠምዶ የሚታረስበት መሬት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ገብስ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ጉሙ ነው። ከቆላው የሚመጣው እርጥብ አየር ከተቆረጠው ፊት ጋር ሲላተም ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ሾፌሮች በቀትር መብራት አብርተው የሚነዱት ለዚህ ነው። ክረምቱ ላይ በልግ ሲጨመር ደግሞ ዛፉ ውኃ አይጠማውም።

ታች ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲል ጥድ፣ ከዚያ ኮሶ (አዎ፣ ጥሬ ሥጋ የሚወዱ አያቶቻችን እያማረሩ የጠጡት ኮሶ)፣ ከዚያ በላይ አምጃና አስታ። አናቱ ላይ ጅብራ ይቆማል፤ ዘመኑን ሙሉ ጠብቆ አንዴ ያብብና ይሞታል። ጉሬዛው፣ ድኩላው፣ ነብሩ እዚያው ነው። አንኮበርን በሳይንሳዊ ስሟ የያዘች አንዲት ትንሽ ዘር ለቃሚ ወፍም አለች፤ ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ የለችም።

የዚህ ደን ልጆች ሩቅ ሄደዋል ይባላል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው መናገሻ ሱባ ላይ አስተከሉ የሚል ትውፊት አለ። መናገሻ ሱባ ያለው ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ወጨጫ ደግሞ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው! ከአንዱ የሞተ እሳት ወደ ሌላው የሞተ እሳት ዘር ተሻገረ ማለት ነው።

ሰውም ቢሆን ገደሉን ተጠቅሞበታል። ከደጋው ሥር ባሉት እርከኖች ላይ የኢፋት ሱልጣኔት ሰዎች በድንጋይ ከተማና መስጊድ ሠርተዋል፤ የኖራና የአስባሪ ፍርስራሾች ዛሬም አሉ። አካባቢውን እስካሁን ይፋት ነው የምንለው። ከቆላ ጨው፣ ከደጋ እህል፣ መንገዱ በእነሱ ደጅ ያልፋል። ኋላ የሸዋ ነገሥታት አንኮበርን መቀመጫ ሲያደርጉ ሐሳቡ ያው ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከላይ ሆነው ከቆላ የሚወጣውን ነጋዴም፣ ጠላትም፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣውን የእንግሊዝ መልእክተኛም አስቀድመው ያዩታል። ጣሊያን ደግሞ ገደሉን መውጣት ሲያቅተው በስቶት ሄደ።

ንብርብሩን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከዋሻው ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጉም በሌለበት ጠዋት መኪናውን አስቁሙ። በጥቁሩ ድንጋይ መካከል ቀይ ቀይ መስመር ታያላችሁ። ያ በአንድ ወቅት አፈር ነበር። ሣር በቅሎበት፣ ፀሐይ መትቶት ሲኖር ቀጣዩ ፍሳሽ ደርሶ እንደ ሸክላ ጠበሰው። እያንዳንዱ ቀይ መስመር በሁለት እሳት መካከል ያለ እረፍት ነው። እኔ አንዴ ልቆጥር ሞክሬ ስድስተኛው ላይ ጉሙ መጥቶ ሸፈነብኝ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ በስልክ ነገርኳት። እስከ እንጀራው ድረስ በደንብ ሰማችኝ። ከዚያ «እንግዲህ ጭላዳዎቹ ከሁላችሁም ቀድመው አውቀውታል» አለች። ቀን ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጩ ይውላሉ፤ ሲመሽ ግን ግልገላቸውን አዝለው ተራ በተራ ገደሉን ይወርዱና በድንጋዩ ንብርብር ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይተኛሉ፣ ነብር በማይደርስበት።