የሠራተኛ ስልጠና ስንት ይመልሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሰልጣኞቹ ወደውታል፤ ስለዚህ ተሳክቷል»

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሦስት ቀን ስልጠና ተሰጠ እንበል። ሻዩ በሰዓቱ፣ አበሉም በሰዓቱ። አስተያየት መስጫው ላይ ሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለውን መረጠ። አበል ተከፍሎት ስልጠናውን የሚያማ ሰው መቼም አይገኝም! አሜሪካዊው የስልጠና ምዘና ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ስልጠና የሚመዘንባቸውን አራት ጥያቄዎች አስቀምጧል፦ ወደዱት? ተማሩበት? ሥራ ላይ አዋሉት? ድርጅቱ ምን አገኘ? ሌላው የዘርፉ ባለሙያ ጃክ ፊሊፕስ ደግሞ አምስተኛውን ጨመረ፦ ጥቅሙ ከወጣው ብር ጋር ሲተያይ ያዋጣል? አስተያየት መስጫው የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«ወጪው የአሰልጣኝ ክፍያና አዳራሽ ነው»

ትርፉን በመቶኛ የማውጣቱ ስሌት ቀላል ነው። ከጥቅሙ ላይ ወጪውን ቀንሱ፣ የቀረውን ለወጪው አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። ጣጣው ምን ይቆጠር የሚለው ላይ ነው።

ለምሳሌ ኮምቦልቻ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ 20 ሰፊዎችን አሰለጠነ እንበል። ለአሰልጣኝ፣ ለአዳራሽና ለምግብ 80,000 ብር ወጣ። ተበላሽቶ እንደገና የሚሰፋው ልብስ ቀነሰና በወር 20,000፣ በዓመት 240,000 ብር ተረፈ። ትርፉ 200 በመቶ! ግን ሰፊዎቹ ስልጠና ላይ እያሉ 40,000 ብር ደመወዝ ተከፍሏቸዋል። ማሽኖቹ በመቆማቸው ደግሞ 30,000 ብር ገቢ ታጥቷል። እውነተኛው ወጪ 150,000 ነው፤ ትርፉም 60 በመቶ ብቻ።

«ከስልጠና በኋላ የተሻሻለው ሁሉ የስልጠናው ነው»

እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ያልሰለጠነው የስፌት መስመርም ብልሽቱ በወር 5,000 ብር ቀነሰለት እንበል። ምናልባት የተሻለ ክር ገብቷል። ስለዚህ ለስልጠናው የሚቆጠርለት በወር 15,000፣ በዓመት 180,000 ብር ነው። 200 በመቶ የነበረው 20 በመቶ ሆነ። አሁንም ግን ያዋጣል፤ ቁጥሩንም ሒሳብ ሹሙ ፊት ይዞ መቅረብ ይቻላል። ይህን ለማድረግ ታዲያ የብልሽቱ መዝገብ ከስልጠናው በፊት መጀመር አለበት። ብዙዎች የሚረሱት እዚህ ላይ ነው። በኋላ ቢፈለግ ከየት ይመጣል?

«ሁሉም በብር መለካት አለበት»

የለበትም። የእሳት አደጋ ስልጠናን በብር ማስላት ድካም ነው። ሰው ማምለጫ በሩን ያውቃል ወይ ብሎ መፈተን ይበልጣል።

«ካሰለጠንናቸው ይለቃሉ»

ይህ እንኳን ከሜዳ የመጣ ስጋት አይደለም። በተለይ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሰፊ የሚፈልገው አንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ግን መልቀቁም ይሰላል። ከ20ዎቹ አምስቱ በስድስተኛው ወር ቢለቁ የዓመቱ ጥቅም ከ180,000 ወደ 157,500 ብር ይወርዳል፤ ትርፉ 5 በመቶ ይሆናል። ገና ከጅምሩ ከለቁ ደግሞ ጥቅሙ 135,000 ብር ነው፤ ኪሳራ ማለት ነው። ያኔ ስልጠናውን ከመሰረዝ በፊት ደመወዙንና ሰርቪሱን ማየት ይሻላል፤ ያልሰለጠኑትም በዚያው ልክ እየለቀቁ ከሆነ ጥፋቱ የስልጠናው አይደለም።